ወደ ትናንት የሚወስድ በር ቢኖር

ወደ ፊት የሚደረግ የጊዜ ጉዞ እውነት ነው። ተሞክሯል፤ ተለክቷል፤ ቁጥሩም ተመዝግቧል። ይህንን ለሰው ስናገር ግን ብዙ የሚደነቅ አላገኘሁም። «እሺ፣ ወደ ኋላስ?» ይሉኛል ወዲያው። የሁሉም ልብ ያለው እዚያ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚሆነውን ለማየት የሚጓጓ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው የሚፈልገው አንድ የሚያውቀውን ቀን ነው።

እኔም ያው ነኝ። የአባቴ ሕመም የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሁለት ዓመት ቀድሞ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቻል እንደነበር ተነግሮናል። እኔ የምመለስበት ቀን ቢኖር ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ካሉት ቀናት አንዱ ነው። ሄጄ «አባዬ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ተመርመር» ብዬው መመለስ። ስለ ጊዜ ፊዚክስ ማንበብ የጀመርኩት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ሳነብ ሁልጊዜ ከጀርባዬ ያለው ይህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ፊዚክሱ ራሱ ምን እንደሚል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ወደ ፊቱ፤ መሠረቱ እሱ ነውና።

አልበርት አንስታይን በ1905 ልዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን ሲያወጣ አንድ የቆየ እምነት ፈረሰ። ከዚያ በፊት ጊዜ ለሁሉም እኩል ይፈሳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ኒውተንም ያለው ይህንኑ ነው። አንስታይን ግን የብርሃን ፍጥነት ለማንኛውም ተመልካች አንድ ከሆነ፣ ጊዜ ለሁሉም አንድ ሊሆን እንደማይችል አሳየ። በፍጥነት የሚሄድ ሰዓት፣ ቆሞ ከሚያየው ሰው አንጻር፣ ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። የተሳፋሪው የልብ ምት፣ እርጅናው፣ የአቶሞቹ ንዝረት፣ ሁሉም አብሮ ይዘገያል። ተሳፋሪው ራሱ ግን ምንም አይታወቀውም። በ1915 በአጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ ሌላ ጨመረበት፦ ስበት በበረታበት ቦታም ጊዜ ይዘገያል።

ይህ ወረቀት ላይ አልቀረም። በ1971 ጆሴፍ ሃፈሌ እና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አራት የሲዚየም አቶሚክ ሰዓቶች ይዘው በመደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ዓለምን ዞሩ። አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ። ሲመለሱ ሰዓቶቹን ዋሽንግተን ከቀሩት ጋር አመሳከሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት በ59 ናኖ ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ወደ ምዕራብ የዞሩት በ273 ናኖ ሴኮንድ ቀድመዋል። ናኖ ሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ነው። ልዩነቱ የመጣው ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ነው። ወደ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን ፍጥነቱ ከምድር ሽክርክሪት ጋር ይደመራል፤ ወደ ምዕራብ የሚበረው ይቀነስበታል። ከፍታው ደግሞ ስበቱን ስለሚያቀልል ሁለቱንም በትንሹ ያፈጥናል። ሁለቱ ውጤቶች ተደምረው የሚሰጡት ቁጥር ከአንስታይን ቀመር ጋር ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ መለኪያው እጅግ ረቅቋል። በ2010 በአሜሪካ የተሠሩ ሰዓቶች በ33 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ብቻ ጊዜ እንደሚለያይ ለኩ። በ2022 ይህ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ወረደ። ቆመህ ስትውል ጭንቅላትህ ከእግርህ በጣም በጥቂቱ ቀድሞ ያረጃል ማለት ነው። ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች በፍጥነታቸው ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ይዘገያሉ፤ ስበቱ ስለሚቀልላቸው ደግሞ 45 ያህል ይቀድማሉ። ተቀናንሶ 38 ይቀራል። በ38 ማይክሮ ሴኮንድ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ ካልገባ ሥርዓቱ ዋጋ አይኖረውም።

ሰዎችም ተጉዘዋል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ክሪካልዮቭ በተለያዩ ጉዞዎች 803 ቀን ኅዋ ላይ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምድር ላይ ከቀረነው ይልቅ ወደ 0.02 ሴኮንድ ያህል ያነሰ ነው ያረጀው። ይህን ሰው በእውነት የጊዜ ተጓዥ ልለው እችላለሁ። ትንሽ ነው፤ ግን ተጉዟል።

ፍጥነቱ ቢጨምርስ? ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ በሆነ ፍጥነት በራሱ ሰዓት 10 ዓመት የተጓዘ ሰው ሲመለስ ምድር ላይ ወደ 71 ዓመት አልፎ ያገኘዋል። የሚከለክለው የተፈጥሮ ሕግ የለም። ያለው የአቅም ችግር ነው። እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ ፈጣን የሆነው ፓርከር የተባለው የፀሐይ መመርመሪያ በ2024 መጨረሻ በሴኮንድ ወደ 192 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ይህ ከብርሃን ፍጥነት አንድ ሺህኛም አይሞላም። ስለ ወደ ፊቱ ይህ ይበቃል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ተሽከርካሪው ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ኋላ።

ያለፈውን ማየት ከባድ አይደለም። የምናየው ሁሉ ያለፈ ነው። የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ እስኪደርስ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ በባዶ ዓይን ስትታይ፣ የምናያት ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበረችበት መልኳ ነው። ማየት ግን መሄድ አይደለም። እኔ የምፈልገው ደርሶ መናገር ነው።

ወደ ኋላ መሄድ በአንስታይን ቀመር እንደሚፈቀድ ግልጽ አድርጎ ካሳዩት አንዱ የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎዴል ነው። ጎዴልና አንስታይን ፕሪንስተን ውስጥ አንድ ተቋም ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ወደ ቤታቸውም አብረው በእግር ይሄዱ ነበር። በ1949 ጎዴል ለወዳጁ 70ኛ ዓመት በዓል ያበረከተው አንድ የሒሳብ ውጤት ነበር። ጽንፈ ዓለሙ በሙሉ የሚሽከረከር ቢሆን፣ በቂ ርቀት የሄደ መንገደኛ ከተነሣበት ቀን በፊት ሊመለስ ይችላል የሚል። ቀመሩ የአንስታይን የራሱ ነው፤ ስህተት የለበትም። አንስታይንም ውጤቱን አላጣጣለም። እንዲህ ያለ ነገር በፊዚክስ ምክንያት መወገድ ይኖርበት እንደሆነ መመርመሩ ደስ የሚል ነው ሲል መለሰ። እኔ ይህን ምላሽ በጣም አከብረዋለሁ። ሰው የገዛ ሐሳቡ ያላሰበው ቦታ ሲያደርሰው ሳይደነግጥ «እስቲ እንየው» ማለት ቀላል አይደለም።

የእኛ ጽንፈ ዓለም ግን እየሰፋ ነው እንጂ እንደ ጎዴል ሲሽከረከር አልተገኘም። በ1974 ፍራንክ ቲፕለር በጣም ረጅምና በጣም ከባድ የሆነ የሚሽከረከር ዘንግ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ አሳየ፤ ስሌቱ ግን የሚሠራው ዘንጉ ርዝመቱ ወሰን ከሌለው ነው። በ1991 ሪቻርድ ጎት እርስ በርስ የሚተላለፉ ሁለት የጠፈር ክሮች፣ ማለትም እጅግ ቀጭንና እጅግ ከባድ የሆኑ፣ መኖራቸው ገና ያልተረጋገጠ ክሮች፣ አቀረበ፤ እነሱም ወሰን የለሽ መሆን አለባቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሒሳቡ ሁልጊዜ እሺ ይላል፤ የሚጠይቀው ዋጋ ግን ሁልጊዜ ወሰን የለሽ ነው። ይህ መደጋገሙ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳምነው ሐሳብ ዎርምሆል ነው። ሁለት የተራራቁ ቦታዎችን በአቋራጭ የሚያገናኝ መተላለፊያ ማለት ነው። መነሻው በ1935 አንስታይንና ናታን ሮዘን ያወጡት ሥራ ነው። በ1962 ጆን ዊለርና ሮበርት ፉለር መተላለፊያው ብርሃን እንኳን ከማለፉ በፊት እንደሚዘጋ አሳዩ። ጉዳዩ ለሃያ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። ከዚያ የፊዚክስ ሊቁን ኪፕ ቶርንን አንድ ጓደኛው ለሚጽፈው ልብወለድ የሚሆን የጠፈር መንገድ ፈልግልኝ አለው። ቶርን ጥያቄውን በቁም ነገር ያዘው። በ1988 ከማይክል ሞሪስ ጋር ሆኖ የማይዘጋ ዎርምሆል ምን እንደሚያስፈልገው ጻፈ። በዚያው ዓመት ሦስተኛ ባልደረባ ኡልቪ ዩርትሴቨር ተጨምሮ፣ እንዲህ ያለው ዎርምሆል ወደ ጊዜ ማሽን ሊለወጥ እንደሚችል አሳዩ።

አሠራሩን ቀስ ብለን እንየው፤ ቆንጆ ነው። ዎርምሆሉ ሁለት አፍ አለው። አንዱን እዚህ ተወው። ሌላውን በመንኮራኩር አስረህ በከፍተኛ ፍጥነት ውሰደውና መልሰህ አምጣው። በጉዞው ላይ የነበረው አፍ ጊዜው ዘግይቷል። እዚህ 10 ዓመት ሲያልፍ እሱ 1 ዓመት ብቻ ቆጥሯል እንበል። በውጭ ሲታዩ ሁለቱ አፎች አሁን ጎን ለጎን ናቸው። በውስጥ በኩል ግን የተያያዙት በራሳቸው ሰዓት ነው፤ የአንዱ 1ኛ ዓመት ከሌላው 1ኛ ዓመት ጋር። ስለዚህ ዛሬ፣ በ10ኛው ዓመት፣ ተጉዞ በመጣው አፍ የገባ ሰው በሌላኛው አፍ የሚወጣው በ1ኛው ዓመት ነው። 9 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ምክንያቱም ይህ መንገድ ማሽኑ ከተሠራበት ቀን በፊት አይወስድም። ሁለተኛው አፍ ያለበት የመጀመሪያ ቀን የመንገዱ መጨረሻ ነው። ማሽኑ ነገ ቢሠራ፣ የሩቅ ዘመን ሰዎች ወደ ነገ ሊመጡ ይችላሉ፤ ወደ ትናንት ግን አይመጡም። ስቲቨን ሆኪንግ በጁን 28 ቀን 2009 ካምብሪጅ ውስጥ ለጊዜ ተጓዦች ድግስ ደግሶ፣ ጥሪውን ድግሱ ካለፈ በኋላ ነበር ያወጣው። ማንም አልመጣም። እሱ ይህንን እንደ ማስረጃ አቅርቦታል። እኔ ግን በዎርምሆል ጉዳይ ማስረጃ የሚሆን አይመስለኝም። በ2009 የተሠራ ማሽን ከሌለ ከየትኛው በር ይውጡ? ለእኔም መልሱ በዚህ ተሰጥቷል። አባቴ በሕይወት በነበረበት ጊዜ ማንም በር አልከፈተም።

ቢከፈትስ ኖሮ? ይህን መጠየቅ አልተውኩም፤ በጣም ያስተማረኝ የፊዚክስ ሥራም ያለው እዚህ ነው።

የአያቱን እንቆቅልሽ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ኋላ ሄደህ አያትህ ሳያገባ ብትገድለው አንተ አትወለድም፤ ካልተወለድክ ማን ገደለው? የሰው ነገር ሲገባበት ስለ ነጻ ፈቃድ ክርክር ይነሣና ፊዚክሱ ይጠፋል። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ፖልቺንስኪ ሰውን አውጥቶ የፑል ኳስ አስገባበት። ኳሷ ወደ ዎርምሆሉ ትሄዳለች። በአንዱ አፍ ትገባና በሌላው ከመግባቷ ጥቂት ቀድማ ትወጣለች። ወጥታም ገና ልትገባ የምትሄደውን ራሷን ትገጫትና ከመንገዷ ታስወጣታለች። እንግዲያው አልገባችም። ካልገባች ማን ገጫት?

ቶርንና ሁለት ተማሪዎቹ፣ ፈርናንዶ ኤቼቬሪያና ጉናር ክሊንክሃመር፣ ይህንን በቀመር ሠሩት። በ1991 የታተመው ውጤታቸው እንዲህ ይላል። ኳሷ ከበሩ የምትወጣው በታሰበው መስመር ሳይሆን በትንሹ ተዛንፋ ነው። ስለተዛነፈች ራሷን በኃይል አትመታም፤ ጫፏን ብቻ ትነካታለች። የተነካችው ኳስ ከመንገዷ አትወጣም፤ ትንሽ ተዛንፋ ወደ በሩ ትገባለች። ተዛንፋ ስለገባች ተዛንፋ ወጣች። ተቃርኖው የለም። ክቡ ሙሉ ነው። ፈልገው ፈልገው መፍትሔ የሌለው አነሣሥ አላገኙም፤ ይልቁንም ለአንድ አነሣሥ ብዙ መፍትሔ አገኙ። ይህም የራሱ ችግር አለው፤ ከብዙዎቹ የትኛው እንደሚሆን ፊዚክስ መናገር ያቅተዋል።

ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ ይህንን በመርህ ደረጃ አስቀምጦታል። ወደ ኋላ መሄድ ቢቻል እንኳን መለወጥ አይቻልም። የሄደው ሰው በዚያ ቀን አስቀድሞም ነበረ። የሚያደርገው ሁሉ ያኔም ተደርጓል። የምናውቀው ታሪክ እሱን ጨምሮ የሆነው ነው።

ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ሄጄ «ተመርመር» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ያኔም ብዬዋለሁ ማለት ነው። አባቴም ሰምቶ አልፎታል፤ ወይም ሄዶ ምንም አልተገኘበትም፤ ወይም አንድ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞት የማይገባ ነገር ነግሮት ረስቶታል። ውጤቱ ያው የምናውቀው ነው። ወደ ኋላ መሄድን የምንፈልገው ልናስተካክል ነው። መሄድን የሚፈቅደው ፊዚክስ ግን ማስተካከልን አይፈቅድም። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉ ነበር፤ አይደሉም።

ሌላ መውጫ አለ የሚሉ አሉ። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ዶይች በ1991 በኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የአቶምንና ከዚያ ያነሱ ነገሮችን ጠባይ በሚያጠናው ፊዚክስ፣ መሠረት ተቃርኖው ሊፈታ እንደሚችል ጻፈ። እንደ እሱ አተረጓጎም ተጓዡ የሚደርሰው በሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ እዚያ የፈለገውን ይለውጣል። ሒሳቡን አከብራለሁ። ግን ለጥያቄዬ መልስ አይሆንም። እዚያ የሚድነው የሌላ ዓለም ሰው ነው። የተነሣሁበት ዓለም እንደነበረ ይቀራል፤ በዚህ የቀሩት እናቴና እህቶቼም እንዲሁ። አንዱን ለማዳን ሌሎቹን ትቶ መሄድ ይሆናል።

አንስታይን በማርች 1955 የዕድሜ ልክ ጓደኛው ሚሼል ቤሶ ሲሞት ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ። በፊዚክስ ለምናምን ሰዎች ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው መለያየታቸው የማይለቅ ቅዠት ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ራሱም ከአንድ ወር በኋላ አረፈ። ንድፈ ሐሳቡ በእርግጥ ወደዚያ ይመራል። ለሁሉም የሚሆን አንድ «አሁን» ከሌለ፣ አንተ አለፈ የምትለው ቀን ከሌላ ቦታ ሲታይ ገና ያላለፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ያለፈው አልጠፋም፤ በቦታው አለ ይላሉ። እኔ ይህን እቀበላለሁ፤ ቀለል ያለ መጽናኛ ግን አላደርገውም። አለ ማለት ይደረሳል ማለት አይደለም። ቢሆንም ከ«ጠፋ» ይሻለኛል።

በሩ ራሱስ ሊሠራ ይችላል? ዎርምሆሉ እንዳይዘጋ አሉታዊ ኢነርጂ ያለው ነገር ውስጡን መደገፍ አለበት። የማይገኝ ነገር አይደለም። በ1948 ሄንድሪክ ካሲሚር ሁለት የብረት ሳህኖች በባዶ ቦታ በጣም ቢቀራረቡ እንደሚሳሳቡ ተነበየ፤ በ1997 ስቲቭ ላሞሮ በጥሩ ትክክለኝነት ለካው። በሳህኖቹ መካከል ያለው ኢነርጂ ከባዶ ቦታ ያነሰ ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። ላሪ ፎርድና ቶማስ ሮማን እንዳሳዩት አሉታዊ ኢነርጂው በበዛ ቁጥር የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ሰው የሚያሳልፍ በር ደግፎ ለማቆየት ይህ ገደብ በጣም ከባድ ነው።

ሆኪንግ በ1992 ከዚያ የባሰ እንቅፋት አመለከተ። ዎርምሆሉ የጊዜ ማሽን ሊሆን በተቃረበባት ቅጽበት፣ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው የኳንተም መዋዠቅ (ባዶ በሚባለው ቦታም የማይቆም የኢነርጂ ከፍ ዝቅ) በበሩ ገብቶ ወደ ራሱ ያለፈ ጊዜ ይመለሳል፤ ከራሱ ጋር ይደመራል፤ እንደገና ይገባል። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲጠጋ እንደሚጮኸው ዓይነት። ኢነርጂው እየተከመረ በሩን ያፈርሰዋል። ሆኪንግ ይህንን የተፈጥሮ ሕግ ነው ብሎ ገመተ፤ ሕጉ የጊዜን ቅደም ተከተል ይጠብቃል አለ። ገመተ ነው ያልኩት፤ አላረጋገጠውም። በ1997 በርናርድ ኬይ፣ ማሬክ ራድዚኮቭስኪና ሮበርት ዎልድ ለምን ማረጋገጥ እንደማይቻል አሳዩ። በሩ ሊከፈት በሚልባት መስመር ላይ የምንጠቀምባቸው ቀመሮች ራሳቸው መሥራት ያቆማሉ። እዚያ የሆነውን ለማወቅ ስበትንና ኳንተምን አንድ ያደረገ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ገና የለንም።

ስለዚህ ነገሩ ያለበት ደረጃ ይህ ነው። ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም ብሎ ያረጋገጠ የለም፤ ይቻላል ብሎ ያሳየም የለም። እኔ ሆኪንግ ልክ የነበረ ይመስለኛል። እነዚያ ሁሉ ወሰን የለሽ ዘንጎችና ክሮች፣ ያ አጭር ዕድሜ ያለው አሉታዊ ኢነርጂ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ግን መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። የኳንተም ስበት ንድፈ ሐሳብ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንደ መዝናኛ እንዳያዩትም እመኛለሁ። አንድ ንድፈ ሐሳብ ጊዜ ለምን ወደ ራሱ እንደማይታጠፍ ማስረዳት ካልቻለ፣ ጊዜ ምን እንደሆነ ገና አልነገረንም።